«ልጄ ሴንት በርናርድ ካልገዛሽልኝ እያለ አስጨንቆኛል»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ከተማ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤቱ ጋር ማርቲኒ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ሴንት በርናርድ የሚባሉትን ግዙፍ ውሾች ካየ ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። «እማዬ፣ ባሪ የሚባለው ውሻ ከ40 ሰው በላይ አድኗል፤ አንገቱ ላይ በርሜል አስሮ በረዶ ውስጥ የወደቀውን ሰው ያጠጣ ነበር» እያለ ማታ ማታ ይተርክልኛል። አባቱም «ልጁ ብቻውን ነው፣ ይገዛለት» ባይ ነው። እኔ ግን አዲስ አበባ ከውሻ እየሸሸሁ ነው ያደግኩት፤ ዛሬም መንገድ ላይ ትልቅ ውሻ ሳይ ልቤ ይመታል። አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ «ውሻ በሚኖርበት ቤት ጸሎት አይደረግም፤ እሱ ከገባ እኔ ወደ አገሬ» ብላ ቆርጣለች። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አፓርታማ ነው፤ ሊፍት የለውም። ታሪኩ እውነት ነው? ጸባዩስ ይታመናል? ልጄን ቢነክስብኝስ? እባካችሁ ምከሩኝ።

አንዲት እናት፣ ከሎዛን

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

መልሴን ከፊት ላስቀምጥልሽ። ሴንት በርናርድ በጸባዩ ከማውቃቸው ትልልቅ ውሾች ሁሉ የዋሁ ነው፤ ሆኖም አሁን ባላችሁበት ቤት አታስገቡት እላለሁ። ምክንያቴን ለልጅሽም ማስረዳት እንድትችይ ከታሪኩ ልጀምር፤ ምክንያቱም ልጅሽ የወደደው ታሪኩን ነው። ታሪኩ ደግሞ አብዛኛው እውነት ቢሆንም ተረት ተቀላቅሎበታል።

ከማርቲኒ ወደ ጣልያኗ አኦስታ የሚያሻግር ታላቁ ሴንት በርናርድ የሚባል የተራራ በር፣ ማለትም መተላለፊያ፣ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,469 ሜትር ነው፤ ይህ ለአዲስ አበባ ልጅ ብርቅ አይደለም፣ እንጦጦ ከዚያ ይበልጣል። የአልፕስ ተራራ ግን ሌላ ነው። በብርዱ ወራት በረዶው ነፋስ በሚከምርበት ቦታ ከ10 ሜትር ያልፋል፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል። ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ነጋዴው፣ ወታደሩና ወደ ሮም የሚሳለመው ሁሉ በዚያ ያልፍ ነበር፤ ብዙዎችም እዚያው ቀርተዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1050 ገደማ የአኦስታው ሊቀ ዲያቆን በርናርድ በበሩ አናት ላይ የእንግዳ ማረፊያ አሠራ። መንገደኛ የሚበላበት፣ የሚሞቅበትና የሚያድርበት ቤት ነበር፤ ማንም ይሁን ማን። ያ ቤት ዛሬም አለ፤ የሚያስተዳድሩት መነኮሳትም አሉ፤ የቤቱም በር በጋ ከብርድ ለመንገደኛ አይዘጋም።

ውሾቹ የመጡት ከዚያ 600 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1660ዎቹና በ1670ዎቹ አካባቢ ነው። ከሸለቆዎቹ ገበሬዎች ያመጧቸውም ሰው እንዲያድኑ ሳይሆን የግቢ ጠባቂዎች እንዲሆኑ ነበር፤ ያ ሁሉ እንግዳ በሚመላለስበት ቤት ሌባም አይጠፋማ። ስለ እነሱ የተጻፈ የመጀመሪያው ማስረጃ የ1707 ነው። እያደር ግን የቤቱ አገልጋዮች መንገደኛ ለመሸኘትና የጠፋ ለመፈለግ ሲወጡ ውሾቹን አስከትለው መሄድ ጀመሩ። ጭጋግ መንገዱን ሲውጠው ውሻው በአፍንጫው ያገኘዋል። በሰፊ ደረቱ ትኩሱን በረዶ እየገፋ ከኋላው ለሚከተለው ሰው መንገድ ይከፍታል። በናዳ የተቀበረ ሰው ሲሸተው ደግሞ ይቆፍራል። አሠልጣኝ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወጣቶቹ ከአንጋፋዎቹ ጋር እየወጡ ነበር የሚለምዱት። ባለፉት ምዕተ ዓመታት በእነሱ እርዳታ የዳነው ሰው 2,000 ይደርሳል ተብሎ ይገመታል።

ልጅሽ የሚያወራልሽ ባሪ የተወለደው በ1800 ነው፤ ናፖሊዮን 40,000 ገደማ ወታደር አስከትሎ በዚያው በር ወደ ጣልያን ባለፈበት ዓመት። ከ40 ሰው በላይ አድኗል የሚለው ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። «41ኛውን ሊያድን ሲል ሰውየው ተኩላ መስሎት ገደለው» የሚለው ግን ልብ የሚነካ ተረት ነው። ባሪ ሲያረጅ በ1812 ወደ በርን ከተማ ተወሰደ፤ እዚያም እየተጦረ ቆይቶ በ1814 ሞተ። ገላው ተዘጋጅቶ እስከ ዛሬ በርን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቆሟል። ከሎዛን በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነውና አንድ ቅዳሜ ልጅሽን ይዘሽው ሂጂ።

በርሜሉም እንዲሁ ነው። መነኮሳቱ በውሾቹ አንገት ላይ መጠጥ ያስሩ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ሐሳቡ በዓለም የተሰራጨው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድዊን ላንድሲር በ1820 በሣለው ሥዕል ላይ አንዱን ውሻ በርሜል ስላስጌጠው ነው። እንዲያውም ብርድ ለመታው ሰው አልኮል መስጠት ይጎዳዋል፤ ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሰውነቱ የቀረችውን ሙቀት ያባክናል። ይህን ለልጅሽ ንገሪው፤ ተራራ የሚወድ ልጅ ሊያውቀው ይገባል።

አሁን ልጅሽ ምናልባት ያልሰማውን ልንገርሽ፤ ለእኔ ዋናው ነገር ይኸው ነው። ባሪ ግዙፍ አልነበረም። ክብደቱ ከ40 እስከ 45 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ከዛሬው ወንድ ሴንት በርናርድ በግማሽ ገደማ የሚያንስ። የዛሬው ወንድ ትከሻው ድረስ ከ70 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይቆማል፤ 80 ኪሎም ያልፋል። ከ1816 እስከ 1818 የነበሩት ክፉ ብርዶች ብዙ ውሾች ጨረሱ። በ1830 አካባቢ መነኮሳቱ የቀሩትን ለማጠንከር ኒውፋውንድላንድ ከሚባለው ባለ ብዙ ፀጉር ዝርያ ጋር አዳቀሏቸው። ረጅሙ ፀጉር ግን በረዶ እየቋጠረ ውሻውን መጎተት ሲጀምር፣ ባለ ረጅም ፀጉሮቹን ቡችሎች ወደ ቆላው ለሸለቆው ሰው መስጠት ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ የውሻው ዕድል በተራራ ሰዎች እጅ ብቻ መሆኑ ቀረ። እንግሊዞች ማስቲፍ ከሚባለው ከራሳቸው ግዙፍ ውሻ ጋር አዳቀሉት፤ የውሻ ትርኢት ሲጀመር ደግሞ ትልቅነቱ ይሸለም፣ ይሸጥ ጀመር። ስዊዞች በ1884 የዝርያ መዝገብ ሲከፍቱ መጀመሪያ ያሰፈሩት እሱን ነው፤ በ1887 ዙሪክ ላይ በተደረገ ስብሰባም የስዊስ ዝርያ ተብሎ መለኪያው ጸደቀ።

እኔ በእንስሳት ሕክምና የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ይህ መግዘፍ ውሻውን በድሎታል ብዬ አምናለሁ። አጥንቱም ልቡም ጨጓራውም የሚከፍለው ዕዳ ነው። ደስ የሚለኝ ነገር ቢኖር ማርቲኒ ያለው የባሪ ፋውንዴሽን ነው። በ2005 ውሾቹን ከመነኮሳቱ ተረክቦ ሲያረባ ቀለል ያለና ተራራ መውጣት የሚችል ገላ ለመመለስ ይጥራል። በናዳ የተቀበረ ሰው ፍለጋ ዛሬ በሄሊኮፕተር የሚጫኑ ቀላል ውሾች ሥራ ሆኗል። የሴንት በርናርዶቹ ድርሻ አረጋውያንን፣ ሕሙማንንና ተማሪዎችን መጎብኘት ነው። በበጋ ደግሞ እዚያው ተራራው አናት ላይ ይወጣሉ።

ወደ ጸባዩ ልመለስ። ሴንት በርናርድ የረጋ ነው፤ አይቸኩልም፣ ብዙም አይጮኽም፤ ሲጮኽ ግን ጎረቤት ይሰማዋል። ሰው ይወዳል፤ ሲበዛ ይወዳል። በግቢ ታስሮ መዋልን አይችልም፤ ቤተሰቡ ባለበት ክፍል ካልተኛ ያዝናል። ከልጆች ጋር ያለው ትዕግሥት የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ዓመት ወንድ ሴንት በርናርድ ለክትባት መጥቶ ሚዛን ላይ እንዲወጣ ብለምነው ሁለት የፊት እግሩን ብቻ አስቀመጠና ቆመ። የባለቤቱ ትንሽ ልጅ ከኋላ ስትገፋው ዞር ብሎ አያት፣ ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ በአንድ ምላስ ላሳት፣ ከዚያም መጥቶ ሙሉ ክብደቱን እግሬ ላይ ጣለ። ይህ መደገፍ የዝርያው ፍቅር መግለጫ ነው። የሚደገፈው ሰው የሰባ ዓመት እናት ከሆነች ግን ወድቃ ዳሌዋን ልትሰበር ትችላለች። ውሻው ምንም ክፋት ሳያስብ ነው ይህ የሚደርሰው፤ ከመንከሱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው።

ለሃጩንም ሳልነግርሽ አላልፍም። ከንፈሩ የተንጠለጠለ ስለሆነ ውሃ ጠጥቶ ራሱን ሲያራግፍ ለሃጩ ግድግዳው ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ ታጥቦ በተሰጣ ልብስ ላይ ይረጫል። ባለቤቶቹ በየክፍሉ ፎጣ ሰቅለው ነው የሚኖሩት። ፀጉሩም በዓመት ሁለት ጊዜ ቤቱን ይሞላዋል።

«ቢነክስብኝስ» ብለሻል። የማይነክስ ዝርያ የሚባል የለም፤ እንዲህ ብሎ የሚሸጥልሽ ሰው ካለ አትመኚው። ውሻ የሚነክሰው ሲፈራ፣ ሲያመው፣ ከእንቅልፉ በድንገት ሲቀሰቀስና የሚበላውን ሲነጥቁት ነው። የሴንት በርናርድ ልዩነቱ ይህን ለማድረግ ብዙ መግፋት የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ግን ያደረገ ቀን መንጋጋው ትልቅ ነው። ስለዚህ ሁሉም የሚወሰነው በአስተዳደጉ ነው። ቡችላ ከሦስተኛ ሳምንቱ እስከ ሦስተኛ ወሩ ገደማ የሚያየው ነገር ሁሉ ለዕድሜ ልኩ ይቀመጣል፤ በዚያ ጊዜ ሕፃን፣ ባርኔጣ የለበሰ ሰው፣ ባቡር፣ ምርኩዝ የያዘች አሮጊት ያላየ ቡችላ ሲያድግ ይፈራል። በገመድ ሳይጎትት መሄድ፣ ሰው ላይ አለመዝለል፣ ሲጠሩት መምጣት አሥር ኪሎ ሳለ መማር አለበት። ሰባ ኪሎ ከሆነ በኋላ የ11 ዓመት ልጅሽ ቀርቶ ባለቤትሽም በጉልበት አይመልሰውም። ልጅና ውሻ ደግሞ፣ ውሻው ምንም ያህል የዋህ ቢሆን፣ ምግብ ላይ ብቻቸውን አይተዉም።

ስለ ራስሽ ፍርሃት ግን ማፈር የለብሽም። እኛ ያደግንበት ውሻ ቀን ታስሮ ሌሊት የሚፈታ፣ እንዲጮህና እንዲያስፈራ ተብሎ የሚያዝ ነበር። ከተነከስሽ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አለ፤ ሆድ ላይ በየቀኑ ስለሚወጋው መርፌ ሳይሰማ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ አለ ብዬ አላስብም። ያ ፍርሃት ሰው አድኗል። ያለሽበት አገር ግን ከ1999 ጀምሮ ከዚህ በሽታ ነፃ ተብሏል፤ ያ ስጋት እዚያ የለም ማለት ይቻላል። የሚተርፈው በውጭ አገር ተረብቶ በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጥ፣ ወረቀቱ የማይታወቅ ቡችላ ነው። እሱን በምንም ምክንያት እንዳትገዢ።

አሁን ወደ አራተኛው ፎቅ እንውጣ። ሴንት በርናርድ ሲወለድ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ በስድስት ወሩ ግን ከብዙ አዋቂ ውሾች ይበልጣል። አጥንቱ እንዲህ እየሮጠ ሲያድግ መገጣጠሚያው ገና ለስላሳ ነው። በዚህ ጊዜ በቀን አራት አምስት ጊዜ አራት ፎቅ የሚወጣና የሚወርድ ቡችላ ዳሌውንና ክርኑን ሊያበላሽ ይችላል። ዳሌው በትክክል አለመግጠም ደግሞ በዚህ ዝርያ አስቀድሞም የተለመደ ችግር ነው። በእኛ ዘንድ የሚያድግ ነገር ሁሉ ይጠንክር ተብሎ ወተት፣ አጥንትና ካልሲየም ይጨመርለታል፤ ለትልቅ ዝርያ ቡችላ ይህ ጉዳት ነው። ሳይሮጥ ቀስ ብሎ እንዲያድግ ለትልልቅ ቡችሎች ተብሎ የሚዘጋጅ ምግብ በልክ መስጠት ነው የሚሻለው። አድጎ ደግሞ ይታመማል፤ እግሩን ቢሰበር ወይም ቢያረጅ ሰባ ኪሎ ውሻ ተሸክሞ ደረጃ የሚወርድ ማን ነው? ሊፍት በሌለበት ቤት ለዚህ ጥያቄ መልስ የለም። አታስገቡት ያልኩሽ ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

ወደፊት ብታሳድጉ ደግሞ ይህን አንድ ነገር ከአሁኑ እወቂ። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ ጨጓራው በጋዝ ተነፍቶ ሊዞር ይችላል። ሆዱ ይወጠራል፣ ሊያስመልስ እየሞከረ ምንም አይወጣውም፣ መቀመጥም መተኛትም ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይበዛል። ይህን ያየ ሰው እስኪነጋ አይጠብቅም፤ በዚያችው ሰዓት ወደ ድንገተኛ የእንስሳት ሕክምና ነው። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። በቀን አንድ ጊዜ ብዙ ከማብላት ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መስጠትና በልቶ ወዲያው አለማስሮጥ ይመከራል። ልብ፣ የዐይን ቆብና የአጥንት ካንሰርም የዚህ ዝርያ ሕመሞች ናቸው። ወጪውንም አስቢ፦ ምግቡ በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ነው፤ መድኃኒትና ማደንዘዣ የሚሰፈረው በክብደት ነው። ዕድሜው ከ8 እስከ 10 ዓመት ነው። ዛሬ ቢገባ ልጅሽ ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ ምናልባትም ለትምህርት ከቤት በወጣበት ወቅት፣ ያረጀውን ውሻ የምታስታምሚው አንቺ ነሽ። አሁን ለመፍራት ብቻ ሳይሆን ያን ጊዜ ለመውደድም ዝግጁ መሆንሽን ራስሽን ጠይቂ።

እናትሽን በተመለከተ በጥንቃቄ ልናገር። ሃይማኖታዊውን ጉዳይ የነፍስ አባታችሁ ይመልሱት፤ እኔ የእሳቸውን ቦታ አልወስድም። ይሁን እንጂ እናትሽ መጽሐፈ ጦቢትን የሚያውቁ ከሆነ ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ያንን ረጅም መንገድ ሲሄድ ውሻው ተከትሏቸው እንደነበር አስታውሻቸው። እነዚያ የተራራው መነኮሳትም በየሰዓቱ እየጸለዩ ነው ውሾቹን ከ300 ዓመት በላይ ያኖሩት። ይህን የምልሽ ግን እናትሽን በክርክር እንድትረቺበት አይደለም። ቤቱ የእሳቸውም ነው። ለአሥር ዓመት በቤታቸው ውስጥ እየፈሩ እንዲኖሩ ማድረግ ለውሻውም አይበጅም፤ ውሻ የሚፈራውን ሰው ለይቶ ያውቃል። አንድ ቀን ሰፊ ቤት ብታገኙ እንኳ የጸሎት ቦታቸው ያለበት ክፍል ውሻው የማይረግጠው እንዲሆን ከመጀመሪያው ቀን ሥርዓት ይያዝ።

ለልጅሽ «አይሆንም» ብለሽ በሩን አትዝጊበት። የባሪ ፋውንዴሽን ጎብኚዎች ከውሾቹ ጋር በእግር የሚጓዙበት ፕሮግራም አለው፤ ያንን አስይዢለትና አብረሽው ሂጂ፤ እናትሽም ከፈለጉ ከሩቅ ይዩ። ገመዱን ራሱ ሲይዝ ሰባ ኪሎ ማለት ምን እንደሆነ ከእኔ ደብዳቤ በተሻለ ይገባዋል። ከዚያ ደግሞ ውሻ ያለው ጎረቤት ካላችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ለማንሸራሸር ይጠይቅ፤ ዝናብም ይሁን ብርድ። አንድ ዓመት ሙሉ ሳያስታጉል ከቀጠለ አባቱ ያለው ነገር ክብደት ይኖረዋል፤ ያን ጊዜ ለቤታችሁ ልክ የሚሆን ትንሽ ወይም መካከለኛ ውሻ አስቡ።

ምድር ቤት ወይም ሊፍት ያለው ቤት ስታገኙና ሴንት በርናርዱን ካልተዋችሁት፣ የኪራይ ውላችሁ ውሻ እንደሚፈቅድ አከራዩ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። ቡችላው ማይክሮቺፕ ተደርጎለት በአገሪቱ የውሾች መዝገብ መስፈር አለበት፤ በየዓመቱ የውሻ ግብር ይከፈላል። የስልጠና ግዴታው ከካንቶን (ከክልል) ካንቶን ስለሚለያይ የምትኖሩበትን ማዘጋጃ ቤት ቀድመሽ ጠይቂ። አርቢው ዘንድ ስትሄዱ እናትየዋን ካላሳያችሁ ተመለሱ። የወላጆቹን የዳሌና የክርን ራጅ ውጤት ጠይቁ፤ አያቶቻቸው ስንት ዓመት እንደኖሩም ጠይቁ። ከቡችሎቹ መካከል ትልቁን አትምረጡ፤ ባሪን የሚመስል፣ ቀለል ያለ፣ ለሃጩ የማይበዛ፣ ሰው ሲጠራው ሳይፈራ የሚመጣውን ምረጡ። እናትሽ ምን እንዳሉ ጻፊልኝ።